የመስኮቱ ወንበርና የማይመክረው አሰልጣኝ

ክቡር ሥራ አስኪያጃችን፣ ክቡራትና ክቡራን፣ ጄሶ በጥብጣችሁ፣ ሰም ቀርፃችሁ፣ ምድጃ ጠብቃችሁ ከኔ ጋር ያረጃችሁ ባልደረቦቼ ሁሉ፤ ከሁሉ በፊት አመሰግናለሁ። ይህን አዳራሽ ላሳመራችሁ፣ ወንበር ለተሸከማችሁ፣ ኬኩን ላዘዛችሁ እግዜር ይስጥልኝ። ሾፌራችን ጉንጩን ወጥሮ ፊኛ ሲነፋ አየሁት። ይህን ካየሁ ወዲያ እዚህ ቤት ለማየት የቀረኝ ነገር የለም፣ በሰላም ልሂድ።

ንግግር ሲያጥር ያምራል ይላሉ። የኔ አያጥርም። ዕድሜ ልኬን "ይኼ ይስተካከል፣ ይኼ ይመለስ" ብቻ ስላችሁ ኖሬ፣ ዛሬ ማይክሮፎን በእጄ ገብቶ ቶሎ የምወርድ መስሏችኋል?

ከኋላዬ "አጉሊ መነጽር" እንደምትሉኝም አውቃለሁ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፣ የኔ ግን ዘመዴ ነው፣ ሁሉን ይነግረኛል።

የሠራተኞቻችን ቤተሰቦችም ስላላችሁ ሥራችንን ባጭሩ ልንገራችሁ። እኛ ሰው ሠራሽ ጥርስ ነው የምንሠራው። ሐኪሙ የታካሚውን የአፍ ልክ ይልክልናል። አንዱ ጄሶ ያፈስበታል፣ አንዷ በሰም ጥርሱን ትቀርፃለች፣ አንዱ ምድጃ ያስገባዋል፣ ሌላው ይወለውለዋል። መጨረሻ ላይ መስኮቱ ጋ ይመጣል። እዚያ አንዲት ወንበር አለች። የጥርስ ቀለም በመብራት አይታይም፣ መብራት ይዋሻል። ስለዚህ አንድ ሰው እዚያ ቁጭ ብሎ በቀን ብርሃን ያየዋል። ያ ሰው "ይሂድ" ካላለ ከዚህ ቤት አንድም ጥርስ አይወጣም። እኔ እዚያ ወንበር ላይ ስቀመጥ ፀጉሬ ጥቁር ነበር።

ሰኞ ጠዋት ግን አልቀመጥም። ማን እንደሚቀመጥም እስከዚች ሰዓት ድረስ አልታወቀም።

መታወቅ ነበረበት። ወንበሩ የተሰጠው ሰም ጠረጴዛ ላይ ለምትሠራው ለጭምቷ ነው። ያቻትና፣ እንደ ልማዷ መጨረሻ ረድፍ ላይ ተደብቃለች። ባለፈው ሳምንት ቢሮ ገብታ "ወደ ሰም ሥራዬ መልሱኝ፣ የተመደበልኝ አሰልጣኝ ጋም አልሄድም" ብላለች። ይቅርታ ልጄ፣ ሚስጥርሽን ማውጣቴ አይደለም። ሁሉም ሰምቶታል። የዚህ ቤት ግድግዳ እንደሆነ ጄሶ ነው፣ ወሬ አይዝም።

አሰልጣኝ ጋ አልሄድም ያለችው ለምን ይመስላችኋል? እናንተ ናችኋ ያስፈራራችኋት። "አሰልጣኝ ተመደበለት ማለት ተሸኘ ማለት ነው። እትዬን አላየሻትም? ሄደች፣ ተመላለሰች፣ ይኸው ኬክ ታዘዘላት።" ማን እንዳለው አውቃለሁ፣ አልናገርም። ምድጃው አካባቢ ያላችሁ ግን ኬካችሁን ቀስ ብላችሁ ዋጡ።

እና ዛሬ ለመሰናበት ብቻ አልቆምኩም። አሰልጣኝ ጋ ሲኬድ ምን እንደሚያጋጥም ሄጄ ያየሁት እኔ ነኝ። ከኔ በኋላም ሌሎቻችሁ በተራ ትሄዳላችሁ። ከወሬ ይልቅ ከኔ ስሙት።

ሥራ አስኪያጃችን ቢሮ ጠሩኝና "እትዬ፣ የሙያ አሰልጣኝ ልንመድብልዎት ነው" አሉኝ።

"ጥፋቴ ምንድነው?" አልኳቸው።

"ኧረ ጥፋት የለም። መሰነባበቱ እንዲቀልልዎት ብለን ነው።"

"እኔ መች ከበደኝ አልኩ?"

እሳቸውም ጨዋ ናቸው፣ ያለፈውን አላነሱብኝም። ጡረታዬን ሁለት ጊዜ አስገፍቼ ነበር። አንዴ "ምድጃው ይታደስና"፣ አንዴ ደግሞ "ብርዱ ይለፍና" ብዬ። ምድጃው ከታደሰ ቆየ። ብርዱም ስንቴ መጥቶ ሄደ።

የአሰልጣኙ ቢሮ ከአንድ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ በላይ ነው። ደረጃው ጠባብ ነው፣ ጉልበት የሚያማችሁ ተዘጋጁ። ክፍሉ ውስጥ ሁለት ወንበር፣ የውሃ ማንቆርቆሪያና አንድ ሰዓት ብቻ አለ። እኔ መነጽሩን አፍንጫው ላይ ያንጠለጠለ ሽማግሌ ጠብቄ ነበር። በሩን የከፈተልኝ የልጄ እኩያ፣ ሸራ ጫማ ያደረገ ሰው ነው። "እግዚኦ፣ ይኼ ነው የሚመክረኝ?" አልኩ በሆዴ።

ከሆዴ የሰማ ይመስል "እኔ አልመክርዎትም" አለኝ።

"ታዲያ ለምን መጣሁ?"

"እሱን እኮ ነው የምጠይቅዎት።"

እንዲህ ያለ ሰው ነው። ልነሳ አልኩ። ግን ያን ሁሉ ደረጃ ወጥቼ እንዴት ወዲያው እወርዳለሁ?

ከዚያ እዚህ ቤት ያለን ሰዎች ብቻ የምንሠራው ስህተት ሠራሁ። እኛ ሰው ሲያናግረን ዓይኑን አናይም፣ አፉን ነው የምናየው። እሱ ስለ ሥራው አካሄድ፣ ስለምንገናኝበት ጊዜ፣ ስለ ሚስጥር መጠበቅ ያስረዳኛል። እኔ የላይኛው የፊት ጥርሱ ላይ ተተክያለሁ። ሰው ሠራሽ ናት፣ ወደ ግራጫ ትወስዳለች። ቻልኩ ቻልኩና አልሆነልኝም።

"ይቺን ጥርስ በመብራት ነው ያዩልህ" አልኩት።

ምስኪን፣ ለቀሪው ጊዜ አፉን በእጁ ከልሎ ነው የጠየቀኝ። እኔም ስለ ቀለም ናሙና፣ ስለ ቀን ብርሃን ሳስረዳው ሰዓቱ አለቀ። ደስ ብሎኝ ወረድኩ። አሸነፍኩት ብዬ።

በሁለተኛው ቀጠሮ ገና ከመቀመጤ "ባለፈው ስለ ጥርሴ አወራን፣ ስለ እርስዎ ሳናወራ ጊዜው ሄደ። እንደዚያ እንዲሆን ፈልገው ነበር?" አለኝ። በቁጣም አይደለም፣ በፌዝም አይደለም፣ የምር ማወቅ ፈልጎ ነው። ያኔ ነው ይኼ ልጅ ቀላል እንዳልሆነ የገባኝ።

ሚስጥር መጠበቁን የምትጠራጠሩ ካላችሁ እኔም ተጠራጥሬ ነበር። "እዚህ የምለው ለሥራ አስኪያጁ ይደርሳል?" ብዬ ጠየቅሁት። "እርስዎ ራስዎ ካልነገሯቸው አይደርስም። እሳቸው የሚያውቁት መምጣትዎን ብቻ ነው" አለኝ። በቃሉ ብቻ አላመንኩትም። ልፈትነው ብዬ ስለ ሥራ አስኪያጃችን አንድ ነገር ተናገርኩ። ምን እንደሆነ አልነግራችሁም። በማግስቱ ቢሮ ገብቼ ፊታቸውን አጠናሁ፣ ምንም የለም። ሳምንቱን ሙሉ ጠበቅሁ፣ ምንም የለም። ይኸው ዛሬም ከፊት ተቀምጠው በሰላም ሻይ ይጠጣሉ። አሁን ግን ሳሰጋቸው አልቀረሁም።

ሌላው የሚያጋጥማችሁ ነገር ዝምታ ነው። ይጠይቃችኋል፣ ከዚያ ዝም ይላል። አያጣድፍም፣ ሰዓቱን አያይም፣ አንገቱን አይነቀንቅም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። እኔ ግን ነቀዝኩ። ዝምታው ሲበዛብኝ የማላስበውን ሁሉ አወራ ነበር። አውርቼ ሳበቃ ደግሞ "ሌላስ?" ይለኛል። ይቺ "ሌላስ?" የምትባል ቃል ጉድ ናት። ጨረስኩ ስትሉ ገና ጓዳ ያለውን ታስወጣችኋለች።

አንድ ቀን "ሥራ ባቆሙ ማግስት፣ ጠዋት ቤትዎ ውስጥ የት ይቀመጣሉ?" ብሎ ጠየቀኝ።

እንዴት ያለ ጥያቄ ነው? ቀላል ነው አይደል? ቤቴን በሐሳቤ ዞርኩት። ሳሎኑ የባለቤቴ ነበር። እሱ ካረፈ ወዲህ ወንበሩ ላይ ተቀምጬ አላውቅም፣ ዞሬ ነው የማልፈው። ወጥ ቤት ቆሜ እበላለሁ። መኝታ ቤት እተኛለሁ። ሌላውን ጊዜ እዚህ ነኝ፣ መስኮቱ ጋ። ቤቴ ውስጥ መቀመጫ የለኝም ለካ። ይህን ስናገር እንባዬ መጣ። እኔ እንባዬ የሚመጣ ሰው ነኝ? ታውቁኛላችሁ፣ ምድጃው የፈነዳ ዕለት እንኳ አላለቀስኩም።

ልጁ ውሃ ቀዳልኝ፣ ጠበቀኝ። ከዚያ የተናገረውን ልብ በሉልኝ። "ይኼ ሐዘን ነው። ሐዘን ማከም የኔ ሙያ አይደለም፣ ለሱ የሚሆን ባለሙያ ልጠቁምዎት እችላለሁ። ስለ መቀመጫው ግን አብረን መሥራት እንችላለን" አለኝ። ሁሉን አውቃለሁ ከሚል ሰው ይልቅ "ይኼ የኔ አይደለም" የሚል ሰው ይታመናል። የጠቆመኝ ሐኪም ጋም ሄጃለሁ፣ እሷም ረድታኛለች። የሚከብደው ካለ እንዳያፍር ብዬ ነው የምነግራችሁ።

ከዚያ ለራሴ የቤት ሥራ እንዳወጣ ጠየቀኝ። እሱ አይሰጣችሁም፣ እናንተው ናችሁ የምታወጡት። እኔም "ቤቴ ውስጥ መቀመጫ እፈልጋለሁ" አልኩ። በሚቀጥለው ቀጠሮ ሳልሠራ ሄድኩ። "ሥራ በዛብኝ" አልኩት። አልተቆጣኝም። "ሌላስ?" አለኝ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

በሳምንቱ አንዲት የወጥ ቤት ወንበር ተሸክሜ ቤቴን ዞርኩት። ኮሪደር ላይ አስቀመጥኳት፣ ጨለማ ነው። መኝታ ቤት አስቀመጥኳት፣ የታመምኩ መሰለኝ። ሴት ልጄ ልትጠይቀኝ መጥታ ወንበር ታቅፌ ስታየኝ ክው አለች። "እማዬ፣ እኛ ጋ ነይና ከልጆቹ ጋር ኑሪ" አለችኝ። "መጥቼ ምን ልሠራ? የልጅ ልጆቼን ጥርስ ልቆጥር?" አልኳት። ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ። ጥርስ ባዳ ነው፣ ሆዴ ግን ሌላ ነበር።

መጨረሻ ላይ የጓሮ በር ደፍ ላይ አስቀመጥኳት። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ እዚያ ትገባለች፣ አላውቅም ነበር። ቁጭ አልኩ። የማየው ሥራ የለም፣ የምመልሰው የለም። እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። ከአጥሩ ወዲያ ጎረቤቴ ልብስ ታሰጣለች። ይቺን ሴት ስወጣ ስገባ "ደህና አደርሽ" ከማለት አልፌ አናግሬያት አላውቅም።

"ምነው፣ ምን ሆነሽ ነው በር ላይ የተጎለትሽው?" አለችኝ።

"የቤት ሥራዬን እየሠራሁ ነው።"

"በዚህ ዕድሜሽ?"

ነገሩን ነገርኳት። ልብሷን ትታ በጓሮ በኩል ዞራ መጣች፣ የራሷን ወንበር ይዛ። ከዚያ ወዲህ በዕረፍት ቀናችን አብረን ነው የምንቀመጠው። ሴትዮዋ ወሬኛ ናት፣ እኔም ብሻል ነው? በጣም ደስ ይለኛል።

ስለዚህ አሰልጣኝ ጋ ስትሄዱ ተአምር አትጠብቁ። መልስ አትጠብቁ። "እንዲህ አድርግ" የሚላችሁ አታገኙም። የሚሠራው ሰው እናንተ ናችሁ፣ እሱ ጥያቄ ነው የሚይዝላችሁ። ካልተስማማችሁም "ይኼ አልጠቀመኝም" በሉት። እኔ ብዬው አውቃለሁ፣ አመስግኖኝ አካሄዱን ለወጠ። ደግሞም ያልቃል፣ ዕድሜ ልክ አይደለም። እኔ ጨርሻለሁ። ያልተለወጠውን የምትፈልጉ ካላችሁ፣ ተቆጪነቴ እንዳለ ነው።

አንድ የቀረ ነገር አለ። ሁለተኛው የቤት ሥራዬ፦ ወንበሩን ለሰው መልቀቅ።

ታውቃላችሁ፣ እኔ ፈቃድ ስወስድ ሥራው ቆሞ ይጠብቀኛል እንጂ አይወጣም። ከጥንት ጀምሮ እንደዚያ ነው። ባለፈው ወር ግን የሳምንት ፈቃድ ወሰድኩና "አይጠብቀኝ፣ የዚህን ሳምንት ጭምቷ ትየው" ብዬ ሄድኩ። ሁላችሁም አሞኛል ብላችሁ ደወላችሁልኝ። አላመመኝም። ጥርሴ ተሰብሮ ነበር። ደረቅ ዳቦ ነክሼ የላይኛዋ የፊቷ ሄደች። የጥርስ ሐኪሙን "ስሜን አትጻፍ፣ ቁጥር ብቻ ጽፈህ ላክላቸው" ብዬ ለመንኩት። ልኩ ከሌላው ሥራ ጋር ተቀላቅሎ ወደዚሁ ቤት መጣ፣ ተሠራ፣ መስኮቱ ጋ ደረሰ።

ልጄ፣ ያን ሳምንት "ይሂዱ" ካልሻቸው አንዷ ይቺውት። አፌ ውስጥ ናት።

አሁን ሁላችሁም አንገታችሁን አሰገጋችሁ። ከቆምኩ ጀምሮ አፌን ስታዩ ነው የቆያችሁት፣ ሌላ የምታዩት እንደሌለ አውቃለሁ። ማን አወቀ? ከናንተ ማን "ይቺ የእትዬ አይደለችም" አለ? እኔም ከተገጠመችልኝ በኋላ መስታወቴን አንስቼ ወደ ብርሃን ልወጣ ነበር። አስቀመጥኩት። እስከ ዛሬ በቀን ብርሃን አላየኋትም። እጄን ምን ያህል እንዳሳከከኝ ግን እኔ ነኝ የማውቀው።

ይህን ስነግርሽ ቀና ትያለሽ ብዬ ነበር። አሁንም ጫማሽን ነው የምታዪው።

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው የምቸገረው። እናንተ ሆዬ "እትዬ ምከሪያት" ስትሉኝ ሰነበታችሁ። ምክሩ ምላሴ ላይ ነው ያለው፣ ሊፈነዳ ደርሷል። ግን እኔን ማንም "ተነሺ፣ ሂጂ" ብሎ ቢመክረኝ ኖሮ ዛሬም ጡረታዬን አስገፋ ነበር። ስለዚህ አልመክርሽም። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ፣ ከዚያ ዝም ልበል።

ሰኞ ጠዋት እዚያ ወንበር ላይ ደስ ብሎሽ እንድትቀመጪ፣ ምን ቢሆንልሽ ትፈልጊያለሽ?

አትርዷት። ሾፌር፣ ፊኛውን ተወው። ዝም በሉ፣ ትንሽ ይከብዳል፣ ይለመዳል።

እ? ጮክ በይ ልጄ፣ ከኋላ ያሉት አልሰሙም።

"እርስዎ ባይመጡ" ነው ያለችው።

ሌላስ?

"እርስዎ አጠገቤ ካሉ የርስዎን ፊት ነው የማየው፣ ጥርሱን አላየውም" አለች። በደንብ ሰምቻለሁ፣ ድገሚው አልልሽም።

ክቡራትና ክቡራን፣ ትንሽ ውሃ ልጠጣ።

እኔ እኮ ሰኞ በሻይ ሰዓት ልመጣ ነበር። ለሰላምታ ብቻ። ለጥበቃው ሳይቀር ነግሬዋለሁ፣ መታወቂያዬን እንዳይቀበለኝ። ማክሰኞም የሆነ ምክንያት አላጣም ነበር። እሷ ችሎታዋን የተጠራጠረች መስሎኝ ጥርሴን ምስክር አድርጌ መጣሁ። ችሎታዋን አልተጠራጠረችም። የፈራችው እኔን ነው። ሄድኩ ብዬም እንደማልሄድ ገብቷት ነው። የምወደውን ቤት እንዳልረግጥ ነው የጠየቀችኝ፣ ያማል፣ አያምም ብዬ አልዋሽም። ግን እውነቷን ነው።

እሺ። አልመጣም። ከጠራሽኝ ግን... አይ፣ ግን የለውም። እሺ ብያለሁ፣ አልመጣም። ጥበቃ፣ ሰምተሃል? ብመጣ አታስገባኝ።

ተመስገን፣ ቀና አለች። እየሳቀችም እያለቀሰችም ነው። እኔም እንደዚያው ነኝ፣ ስለዚህ ሳልበላሽ ልጨርስ።

ጄሶ የምትበጠብጡ፣ ሳንባችሁን አቧራ አያግኘው። ሰም የምትቀርፁ፣ እጃችሁ አይንቀጥቀጥ። ምድጃ የምትጠብቁ፣ እሳቱ የሥራችሁ እንጂ የገላችሁ አይሁን። ሾፌራችን፣ መንገዱ ሁሉ ይቅናህ። ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ የሚያስቡት ይሙላልዎት፣ ወንበሩ ባለቤት እስኪያገኝ ስለታገሡን አመሰግናለሁ። ቤተሰቦቻችሁ ይባረኩ፣ ልጆቻችሁ ይደጉ፣ ከቤታችሁ ሳቅ አይጥፋ። ያስቀየምኳችሁ ካላችሁ ይቅር በሉኝ። ሥራችሁን የመለስኩባችሁ ግን ይቅርታ አልጠይቅም፣ መመለስ የነበረበት ነው።

አንቺ ደግሞ ልጄ፣ ሰኞ ስትቀመጪ ወንበሩ በኔ ቁመት ልክ ነው ያለው። አንቺ ረዥም ነሽ፣ ጉልበትሽ ጠረጴዛውን ይመታል። ከሥሩ በቀኝ በኩል እጀታ አለች። እሷን ስበሽ በራስሽ ልክ አድርጊው። ይኼ ምክር አይደለም።

ደህና ሁኑ።